ሐይቁ የሚያልቀው የት ላይ ነው? የባሕር ዳር የጣና ዳርቻ አረንጓዴ ሰቅ ወሰን አሰማመር፦ የጉዳይ ጥናት

«ከሐይቁ ጠርዝ ይህን ያህል ሜትር» የሚል ድንጋጌ ቢሮ ውስጥ ሲነበብ ግልጽ ነው። ቀያሹ ሜትሩን ይዞ ጣና ዳር ሲቆም ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ጠርዙ የቱ ነው?» ይሆናል። ግንቦት ላይ ውሃው ርቆ ሄዷል፤ የቆመበት ጥቁር አፈር ሽንብራ ወይም ጓያ የተነሣበት ማሳ ነው። መስከረም ላይ እዚያው ቦታ ታንኳ ይቀዘፍበታል።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንኑ አንድ ጉዳይ ነው። በደቡባዊው የጣና ዳርቻ፣ ከባሕር ዳር ምዕራባዊ ጫፍ እስከ ዓባይ መውጫ ባለው ሰቅ፣ የሕዝብ መናፈሻና የተጠበቀ ዳርቻ ወሰን ሲሰመር መነሻው ምን መሆን አለበት? መልሳችን አጭር ነው። ወሰኑ ከባሕር ጠለል በላይ በሚለካ ቋሚ ከፍታ ይታሰራል፤ በቅየሳው ዕለት ከታየው የውሃ ጠርዝ አይነሣም። ረጅሙ ነገር ይህ መልስ መሬት ላይ የሚወርድበት መንገድና መንገዱ ላይ የሚያበላሹት ስህተቶች ናቸው።

ውሃው ይሄዳል፣ ይመለሳል

ጣና ሰፊ ግን ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ያህል ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከሰኔ መጨረሻ ጀምረው ይሞሉታል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ጫፉን ይነካል፤ ከዚያ እስከ ግንቦትና ሰኔ መግቢያ ቀስ እያለ ይጎድላል። በደህናው ዓመት የከፍታው ልዩነት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው።

በዚህ ተፈጥሯዊ ዑደት ላይ የሰው እጅ ገብቶበታል። በ1988 ዓ.ም የጨረጨራ ግድብ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ ላይ በሁለት በሮች ሥራ ጀመረ። በ1993 ዓ.ም ለሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሲባል አምስት በሮች ተጨመሩለት። ሐይቁ በ1784 እና በ1787 ሜትር ከፍታ መካከል እንዲሠራ ነበር የታሰበው። በ2002 ዓ.ም 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ሲመረቅ ደግሞ ውሃው በስተምዕራብ በኩል በዋሻ የሚሄድበት ሌላ መውጫ አገኘ። ከዚያ ወዲህ ዳርቻው የሚሸሽበትን መጠን የሚወስነው ዝናሙ ብቻ አይደለም፤ የኃይል ፍላጎቱም ነው። የከተማ ፕላነር በዚህ ላይ ሥልጣን የለውም፤ ነገር ግን ውጤቱ እየመጣ የሚያርፈው እርሱ ካርታ ላይ ነው።

ሁለት ቁጥሮችን በቃል መያዝ ይገባል። መስከረም 1991 ዓ.ም ሐይቁ ከ1788 ሜትር ጥቂት አለፈ። ሰኔ 1995 ዓ.ም ወደ 1784.26 ሜትር ወረደ። አምስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ልዩነቱ 3.8 ሜትር ገደማ ሆነ ማለት ነው። ያኔ ትልልቆቹ ጀልባዎች ለወራት ቆሙ፤ ሐይቁ ከ1785 በታች ሲወርድ መንቀሳቀስ አይችሉምና። ሰፊ የደንገል መሬት ደረቀ። የተገለጠውን የሐይቅ ወለል ገበሬው አረሰው። ባሕር ሸሽ የሚባለው መሬት ይህ ነው።

አሁን ቁልቁለቱን እንቁጠረው። ዳርቻው በየ100 ሜትሩ አንድ ሜትር ተኩል የሚወርድ ከሆነ (ማለትም 1.5 በመቶ)፣ የአንድ ሜትር ተኩል የከፍታ ለውጥ ጠርዙን 100 ሜትር ያንቀሳቅሰዋል። ይህ በደህናው ዓመት ነው። ከ1991 እስከ 1995 ዓ.ም የታየው ዓይነት ለውጥ ከመጣ 250 ሜትር ይሆናል። ቁልቁለቱ 5 በመቶ በሆነበት፣ ድንጋያማ በሆነው ዳርቻ ደግሞ ያው ለውጥ 75 ሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ ግንቦት ላይ ከውሃው 50 ሜትር ተለክቶ የተተከለ ችካል ለጥ ባለው ቦታ መስከረም ላይ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ይሰጥማል። የተጠበቀው ሰቅ ሐይቁ ራሱ ሆነ ማለት ነው፤ ከችካሉ ወዲያ ያለው እርጥብ መሬት ደግሞ በሰነዱ መሠረት ለግንባታ ክፍት ነው። ልኬቱ ጥቅምት ላይ ቢደረግ ስህተቱ ወደ ሌላኛው ወገን ይሄዳል፤ የሰው ሕጋዊ ጓሮ ሰቁ ውስጥ ይገባል፤ ክሱም ይከተላል። ሁለቱም ሥራውን ያበላሻሉ፤ የመጀመሪያው ግን አይመለስም፤ ቤት ከተሠራበት በኋላ ዳርቻ የለም።

ከፍታውን ማሰር

መጀመሪያ የሚያስፈልገው የሐይቁ የከፍታ መዝገብ ነው። ባሕር ዳር ያለው የውሃ መለኪያ ዘንግ የሚነበበው ከራሱ ዜሮ ተነሥቶ ነው። ንባቡ ከባሕር ጠለል በላይ ወዳለ ከፍታ የሚቀየርበትን ቁጥር ከመዝገቡ ባለቤት በጽሑፍ መቀበል ግድ ነው፤ በቃል የተነገረ ቁጥር ኋላ ፍርድ ቤት አይቆምም። ቢያንስ የሠላሳ ዓመት ንባብ ቢገኝ ከጨረጨራ ግድብ በፊትና በኋላ ያለውን ለያይቶ ማየት ይቻላል።

ቀጥሎ ቅየሳው ይመጣል፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። በሳተላይት የሚሠራ መቀበያ የሚሰጠው ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ ካለው ከፍታ በሜትሮች ሊለይ ይችላል። ለ30 ሳንቲ ሜትር በምንከራከርበት ዳርቻ ላይ ይህ መቀለጃ አይደለም። ስለዚህ ከታወቀ የከፍታ ነጥብ ተነሥቶ በሌቭል (የከፍታ ልዩነት በሚለካው መነጽር) ደርሶ መመለስ ያስፈልጋል፤ የመመለሻው ልዩነት በሁለት ኪሎ ሜትር ከ2 ሳንቲ ሜትር ካለፈ እንደገና ይሠራል። ሌላው ወጥመድ የአግድም መነሻው፣ ማለትም አንድ ቦታ ካርታ ላይ የት እንደሆነ የሚነግሩት ቁጥሮች የሚቆጠሩበት መሠረት ነው። የድሮዎቹ የአገር ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው መነሻ ተሠርተዋል፤ የእጅ መቀበያዎች ደግሞ የዓለም አቀፉን ይዘው ይመጣሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አገራችን ውስጥ ከ200 ሜትር ይበልጣል። አንድ ጽሕፈት ቤት በአንዱ፣ ጎረቤቱ በሌላው ሲሠራ ሰቁ ካርታ ላይ ሐይቁ መሀል ወይም አስፋልቱ ማዶ ሲገኝ ይታያል። ስህተቱ ግዙፍ ስለሆነ ቶሎ ይያዛል ብሎ መተማመን አይገባም፤ በተናጠል ሠንጠረዥ ላይ የቁጥር ዝርዝር ብቻ ሲያልፍ ማንም አያየውም።

የዳርቻው መስቀለኛ ቅየሳ ግንባታ በበዛበት በየ50 ሜትሩ፣ ክፍት በሆነው በየ100 ሜትሩ ይወሰዳል። ለ5 ኪሎ ሜትር ሰቅ በየ50 ሜትሩ 101 መስመር ይመጣል። እያንዳንዱ መስመር ከመንገዱ ጀምሮ ውሃው ውስጥ ጥልቀቱ አንድ ሜትር እስኪሆን ይሄዳል። ቀያሽ፣ ዘንግ ያዥ፣ መዝጋቢ፣ ታንኳ ላይ ሆኖ ጥልቀት የሚለካ፤ አራት ሰው በቀን ከስምንት እስከ አሥር መስመር ይጨርሳል። የሚሻለው ወር ግንቦት ነው፤ ውሃው ስለሸሸ አብዛኛው መሬት በእግር ይሄዱበታል። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ማዕበሉን ስለሚያስነሣ የውሃ ከፍታ ንባብ በማለዳ ይወሰዳል።

መዝገብና መሣሪያ የማይነግሩት ነገር አለ፤ እርሱን ሽማግሌዎች ይናገሩታል። ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ «መስመሩ በዚህ ያልፋል» ማለት ሰውን አያግባባም። ዳርቻው ላይ አብሮ መውረድና «አባቴ፣ በዚያ በሞላበት ዓመት ውሃው እስከየት ደርሶ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሰውየው በምርኩዛቸው ያሳዩት ዋርካ ሥር ሌቭሉ ሲቆም ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ከመዝገቡ ጋር ይቀራረባል፤ ካልተቀራረበም ከሁለቱ አንዱ መመርመር እንዳለበት ታወቀ። ከዚያ በኋላ መስመሩ የቢሮው ብቻ አይሆንም።

ለዚህ ሰቅ የምንመክረው የወሰን መነሻ 1788.5 ሜትር ነው። ይህ በመስከረም 1991 ዓ.ም ከታየው ከፍታ ላይ ለማዕበል መውጫ ግማሽ ሜትር ያህል የተጨመረበት ነው። የሰሜኑ ነፋስ በሐይቁ ርዝመት ሙሉ ሲነፍስ መጥቶ የሚሰበረው በደቡቡ ዳርቻ ላይ ነውና ይህ ጭማሪ ትርፍ አይደለም። ደንብ የሚያዘው የሜትር ርቀት ካለ ከዚህ መስመር ወደ መሬት ይቆጠራል። ችካሎቹ 15 በ15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ባለ ብረት ኮንክሪት ሲሆኑ ርዝመታቸው 1.4 ሜትር ነው፤ 80 ሳንቲ ሜትሩ መሬት ውስጥ ይገባል። 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢቀበር የዋልካው አፈር በጋ ሲሰነጠቅ፣ ክረምት ሲያብጥ በሁለት ዓመት ውስጥ ያዘነብለዋል። በየ50 ሜትሩ አንድ ይተከላል፤ ቁጥሩ ይቀረጽበታል።

ከመስመሩ ወደ ውሃው፦ ምን የት ይሁን

አንዴ ከፍታው ከታሰረ የሰቁ አከፋፈል ራሱን ይናገራል። ከ1785 እስከ 1786.5 ያለው የደንገል ቦታ ነው። ከዚያ እስከ 1787.5 ጨፌ ይሁን። ከ1787.5 እስከ 1788.5 እግሩ ውሃ ቢነካው የማይሞት ዛፍ። መናፈሻ፣ መጸዳጃ፣ ካፌ፣ የመብራት ምሰሶ፣ የጀልባ ትኬት መቁረጫ ሁሉ ከ1788.5 በላይ።

ደንገሉ ላይ ብዙ እንቆያለን፤ ሰቁ በርሱ ይቆማል፣ በርሱ ይወድቃል። ደንገል የማዕበሉን ጉልበት ይሰብራል፤ ከከተማው የሚመጣውን ደለል ይይዛል፤ ለነጭ ዓሳ፣ ለቀረሶና ለአምባዛ ጫጩቶች መጠለያ ነው። ለነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ደግሞ ታንኳው፣ ምንጣፉ፣ የዕለት ገቢው ነው። ታንኳ ውሃ እየጠጣች ስለምትከብድ ቶሎ ቶሎ ትታደሳለች፤ ስለዚህ የደንገል ፍላጎቱ ዓመቱን ሙሉ አይቋረጥም። ሰቁን አጥሮ «መቁረጥ ክልክል ነው» ብሎ መጻፍ ይህን ሕዝብ ከዳርቻው መንቀል ነው፤ ደግሞም አይሠራም። ሌሊት የሚቆረጥ ደንገል ከሥሩ ይቆረጣል።

የሚሠራው ተራ ነው። ሰቁ በአራት ብሎክ ይከፈላል፤ ብሎኮቹ በየሦስት ወሩ ተራ በተራ ይቆረጣሉ፤ እያንዳንዱ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ማለት ነው። ደንገል አንዴ ከተቆረጠ ቁመቱን ለመመለስ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ወር ይፈልጋል፤ ከዚህ በላይ ከተመላለሱበት ይሳሳል፤ ክፍተቱን ፊላ ይገባበታል፤ ፊላ ለታንኳ አይሆንም። በውሃው በኩል 10 ሜትር ስፋት ያለው ጫፍ ምንጊዜም አይነካም፤ ማዕበል ሰባሪው እርሱ ነው። ሲቆረጥ ከውሃው በላይ 20 ሳንቲ ሜትር ጉቶ ይተዋል። እሳት ግን በጭራሽ። በደረቁ ዓመት ውሃው ከሥሩ ሲሸሽ የተለቀቀ እሳት መሬት ውስጥ ተጋድሞ እስከሚያቆጠቁጠው ግንድ ሥሩ ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ ማቆጥቆጥ የለም።

አዲስ ተከላ በአንድ ሜትር ርቀት የግንድ ሥር ቁራጭ በመትከል ነው፤ ለአንድ ሄክታር 10,000 ቁራጭ። አንድ ኪሎ ሜትር ርዝመትና 30 ሜትር ስፋት ላለው ሰቅ 30,000 ይመጣል። እያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ ሁለት ሕያው ቡቃያ ይኑረው። ጊዜው ላይ በብዛት ይሳሳታሉ፤ እንደ ዛፍ ችግኝ ሐምሌ ላይ ይተክሉታል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ሐይቁ በወር ግማሽ ሜትር ገደማ ሊወጣ ይችላል፤ አዲሱ ቡቃያ ግን ያን ያህል ሳያድግ ይሰጥማል፤ ማዕበሉ ከነሥሩ ነቅሎ ዳር ይጥለዋል። ስለዚህ ውሃው ሲሸሽ እየተከተሉ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት በጭቃው ላይ መትከል ያስፈልጋል። ክረምቱ ሲገባ ሥሩ ይዟል፤ ግንዱም ቆሟል።

ዳርቻውን በድንጋይ ግንብ ማጠር የሚፈልግ ሰው በየስብሰባው አይጠፋም። ግንብ ለፎቶ ያምራል። ነገር ግን ማዕበሉን ስለሚመልሰው ከግንቡ እግር ሥር ያለው አፈር እየተጠረገ ይሄዳል፤ ፊት ለፊቱ ደንገል አይበቅልም፤ ውሃው በሸሸበት ዓመትም ግንቡ ከጠርዙ 100 ሜትር ርቆ ሜዳ ላይ ብቻውን ይቀራል። ግንብ የሚያስፈልግበት ቦታ የጀልባ መቆሚያው ነው፤ እዚያም ቢሆን ከ1785 እስከ 1788 በሁሉም ከፍታ የሚሠራ ደረጃ ወይም ተንሳፋፊ መድረክ ይሁን። ሌላው ቦታ ማጠናከሪያ ካስፈለገው ዘንበል ያለ ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሣጥን)፣ በመሀሉ ደንገል የሚተከልበት ይበቃል።

ለዛፉ ሾላ፣ ዶቅማ፣ ዋርካና ዋንዛ አሉ። ዶቅማ ለእርጥበቱ ይበልጥ ይታገሣል፤ ስለዚህ ወደ ታች። ዋንዛ ወደ ላይ። በአምስት ሜትር ርቀት ለአንድ ሄክታር 400 ዛፍ ነው። ዋርካና ሾላ ከመንገድና ከቱቦ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቁ፤ ሥራቸው ኮብልስቶኑን ያነሣዋል። በዋልካ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ መትከል ብቻውን ችግኙን ሳህን ውስጥ እንደማስቀመጥ ነው፤ ውሃ ይቋጥራል፤ ሥሩ ይበሰብሳል። 60 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ፣ አፈሩ ከኮምፖስት ጋር ተቀላቅሎ፣ ከዙሪያው 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይደለደላል። ባህር ዛፍ በዚህ ሰቅ ቦታ የለውም።

የእግረኛ መንገድ ከ1788.5 በላይ ያለው በኮብልስቶን ይሠራል። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናትና ስፋቱ ከ3 ሜትር ባያንስ መልካም ነው። ዋልካው 50 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ በገረጋንቲ ካልተተካ በመጀመሪያው ክረምት ይንቀጠቀጣል። ከመስመሩ በታች ያለው መንገድ የእንጨት መረማመጃ ወይም ተራ የሣር ዱካ ይሁን፤ በየጥቂት ዓመቱ ውሃ ይሸፍነዋል ተብሎ የታሰበበት። ሕፃናት ደንገል ውስጥ ገብተው እንዳይጫወቱ መረማመጃው ሌላ ጥቅምም አለው፤ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረው በዚህ በተረጋጋው፣ ቅጠል በበዛበት ጠርዝ ነው።

ወደ ዓባይ መውጫው ሲቃረቡ ጉማሬ አለ። ጉማሬ ሌሊት ወጥቶ ሣር ይግጣል፤ ጎሕ ሳይቀድ ይመለሳል፤ መመለሻው የተዘጋበት ጉማሬ ደግሞ ሰው ይገድላል። ስለዚህ በዚያ በኩል በውሃውና በጨፌው መሀል መንገድ አይገባም፤ አጥርም መብራትም አይቆምም፤ ሰቁ ከመሸ በኋላ ዝግ ነው።

ባሕር ሸሹን የሚያርሰው ሰው

ከ1788.5 በታች ያለው መሬት ባዶ አይደለም። አንዱ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አለው። ሌላው ውሃው ሲሸሽ እየተከተለ ለሃያ ዓመት አርሷል፤ ወረቀት ግን የለውም። ሆቴሉ የሊዝ ውል ይዟል። ቤተ ክርስቲያኑ ከከተማው በፊት እዚያው ነበር፤ የቅዱስ ጊዮርጊስን ግቢ ማየት ይበቃል። ጥምቀት ሲመጣ ታቦታቱ ወርደው የሚያድሩበት ሜዳ ደግሞ የሁሉም ነው፤ ዛፍ የማይተከልበት ክፍት ቦታ ሆኖ በስሙ ካርታው ላይ ይቀመጥ።

ቆጠራው በአንድ ወቅት ብቻ ከተደረገ ይሳሳታል። ጥቅምት ላይ የተቆጠረ መሬት አራሹ የለም፤ ማሳው ውሃ ውስጥ ነው። ጥር ላይ ደግሞ ሁሉም ባለቤት ነው። ስለዚህ ሁለቴ ይቆጠራል፤ ፎቶ ይነሣል፤ የሰብሉ ዓይነትና ስፋቱ ይጻፋል፤ ጎረቤት ይፈርምበታል። የቆጠራው መዝጊያ ቀን አስቀድሞ ካልተነገረ ሰቁ ውስጥ በአንድ ወር ጫትና አጥር ይበቅላል።

ሕጋዊ ይዞታ ያለው ሰው መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሳ ይከፈለዋል፤ ገንዘቡ በጀት ውስጥ ሳይገባ ችካል መትከል ሐቀኝነት አይደለም። ወረቀት የሌለውን ባሕር ሸሽ አራሽ ግን በደረቁ «ሕገ ወጥ» ብሎ ማስነሣት ፍትሕም የለውም፣ ዘላቂም አይሆንም፤ በሚቀጥለው በጋ ይመለሳል። ከ1786.5 እስከ 1787.5 ያለው ጨፌ በዓመት ሁለቴ የሚታጨድ ሣር ይሰጣል። ያንን ሣር አጭዶ የመውሰድ መብት ለነዚሁ አራሾች በማኅበር፣ በጽሑፍ ቢሰጥ ማረሻው ይቆማል፤ ከብቱም ይጠግባል። የሚታረስ ዳርቻ በየክረምቱ ሐይቁ ውስጥ የሚገባ ዳርቻ ነውና የሣሩ ውል ከማንኛውም ዘበኛ ይበልጣል።

የሊዝ ውል ያላቸውን በፕላን ብቻ ማፍረስ አይቻልም። እዚህ ላይ የሚሠራው ትዕግሥት ነው፤ የግንባታ ፈቃድ ሲጠየቅ፣ ውል ሲታደስ፣ በውሃው በኩል ያለው ሰቅ ለሕዝብ መተላለፊያ ክፍት እንዲሆን ቅድመ ሁኔታ ይገባል። ይህ እንዲቻል ግን መስመሩ በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ውስጥ ከነከፍታ ቁጥሩ መጻፍ አለበት። በአዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት መዋቅራዊ ፕላን የሚያገለግለው ለአሥር ዓመት ነው፤ ክለሳው ሲመጣ ያልገባ መስመር ሌላ አሥር ዓመት ይጠብቃል። ለከተሞች የተቀመጠው 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለጋራ መጠቀሚያ፣ 30 በመቶ ለመንገድ፣ 40 በመቶ ለግንባታ የሚለው ድርሻም ሲሰላ ከ1787 በታች ያለውን መሬት እንደ መናፈሻ መቁጠር አይገባም። ያ ሐይቅ ነው።

አንዳንዱ «ጣና በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ተጠብቋል» ብሎ ይተወዋል። እርግጥ ነው፣ ሰኔ 2007 ዓ.ም 695,885 ሄክታር ስፋት ያለው የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኗል። ከዚያ ውስጥ ግን ዋናው ጥብቅ ቀጠና 22,841 ሄክታር፣ ከመቶ ሦስት ጥቂት የሚያልፍ ነው፤ ትልቁ ክፍል፣ 485,477 ሄክታሩ፣ ሰው የሚኖርበትና የሚሠራበት የሽግግር ቀጠና ነው። መዝገቡ ክብርና አቅጣጫ ይሰጣል። በአንድ የተወሰነ ቦታ ላይ አጥር እንዳይቆም የሚከለክለው ግን የከተማው ፕላንና ችካሉ ነው።

ቦዮቹ

ሰቁ ምንም ያህል ቢያምር የከተማው የጎርፍ ቦዮች በመሀሉ ቀጥ ብለው ሐይቁ ውስጥ ከገቡ ልፋቱ ከንቱ ነው። በእያንዳንዱ ቦይ መጨረሻ የደለል ማስቀመጫ ኩሬ ያስፈልጋል። አሰላሉ እንዲህ ነው፦ ቦዩ የሚያፋስሰው 20 ሄክታር ቢሆን፣ የመጀመሪያውን 10 ሚሊ ሜትር ዝናም እንይዝ ብንልና ከዚያ 60 በመቶው ቢፈስ፣ 1,200 ሜትር ኩብ ውሃ ይመጣል። ጥልቀቱ አንድ ሜትር በሆነ ኩሬ 20 በ60 ሜትር ቦታ ይይዛል። መግቢያው ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ያለው የብረት ወንፊት ለላስቲክና ለሃይላንድ ጠርሙስ ይቆማል። የኩሬው ወለል ከ1788 በታች ከሆነ ሐይቁ ሲሞላ ውሃው ወደ ኋላ ይገባበታል፤ የተጠራቀመው ደለል በአንድ ሳምንት ታጥቦ ይወጣል። ቦታ ጠቦ ወደ ታች የተሠሩ ኩሬዎች የሚከሽፉት በዚህ ነው።

ይህ ከእምቦጭ ጋር ይገናኛል። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም ገደማ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ከታወቀ ወዲህ የደቡቡ ሰውም ዓይኑን ውሃው ላይ አድርጓል። አረሙ የተረጋጋና ማዳበሪያ የበዛበትን ውሃ ይወዳል፤ የቦይ አፍ እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፤ ውሃው ሸሽቶ ጭቃው ሲገለጥና እንደገና ሲረጥብ ይበቅላል። ስለዚህ የባሕር ሸሹ ሰቅ ራሱ መደብ ነው፤ ፍተሻው በሰኔና በሐምሌ፣ ችግኙ ገና ጣት ሲያህል መሆን አለበት። የተነቀለው አረም ደግሞ ከ1788.5 በላይ ይከመራል። ግንቦት ላይ «ውሃው ሩቅ ነው» ተብሎ ዳር ላይ የተከመረውን ሐይቁ ነሐሴ ላይ መጥቶ ያነሣዋል፤ የአንድ በጋ ጉልበት ተንሳፎ ይሄዳል።

ከተከላ በኋላ

ለ5 ኪሎ ሜትር ሰቅ ቢያንስ አሥር ጠባቂ በሁለት ፈረቃ፣ ስድስት የአትክልት ሠራተኛ፣ አንድ የእጅ ሌቭል መጠቀም የሚችል ቴክኒሽያን ይመደባል። ችግኝ ለሁለት በጋ በሳምንት ሁለቴ 20 ሊትር ውሃ ይፈልጋል፤ 400 ዛፍ ያለው አንድ ሄክታር በሳምንት 16 ሜትር ኩብ ይሆናል። በጀት ሲያዝ የሚረሳው ይህ ሁለተኛው በጋ ነው። የደረቁት ችግኞች በቀጣዩ ሐምሌ በሌላ ዘመቻ ይተካሉ፤ ቁጥሩ ሪፖርት ላይ ይደመራል፤ ዛፉ ግን አይጨምርም። የሚመዘገበው የተተከለው ሳይሆን ሁለተኛውን ሰኔ ያየው ይሁን።

ችካሎቹ በዓመት ሁለቴ ይጎበኛሉ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ማን እንዳረሰ፣ የትኛው እንደተነቀለ ወይም እንዳዘነበለ ይታያል። መስከረም አጋማሽ ላይ ውሃው የደረሰበት ከፍታ በየአሥረኛው ችካል ፊት ለፊት በሌቭል ተነብቦ ከቀኑ ጋር ይጻፋል፤ ያው ቦታ ከያው አቅጣጫ ፎቶ ይነሣል። የመዝገቡ አንድ ቅጂ በከተማው ፕላን ክፍል፣ አንዱ በቀበሌው፣ አንዱ የሣሩ ማኅበር ሊቀ መንበር ዘንድ ይቀመጣል። መስመሩ ይቀየር የሚል ጥያቄ ሲመጣ ሦስቱ መዝገቦች ጠረጴዛው ላይ ሳይቀርቡ አይታይም።